የወጪ ደብዳቤው ቀሪ የት ገባ? የተላኩ ኢሜይሎችን በራሳቸው ስለሚለዩ ደንቦች

የኢሜይል ፕሮግራሞች የሚደርሱንን መልእክቶች በላኪያቸው፣ በርእሰ ጉዳያቸው ወይም በሌላ ምልክት እየለዩ በየፎልደሩ እንዲያስገቡ ማዘዝ ለብዙዎቻችን የተለመደ ሥራ ነው። የላክናቸውንም በዚሁ ዓይነት እንዲለዩ ማዘዝ ይቻላል። ሆኖም ይህ ሁለተኛው ትእዛዝ በቀላሉ ይከሽፋል፤ ሲከሽፍም ድምፅ አያሰማም። የገቢ መልእክት ደንብ ሲሳሳት ሰው ወዲያው ያውቃል፤ የጠበቀው መልስ ኢንቦክሱ ውስጥ ሲጠፋበት ይፈልገዋልና። የተላኩ መልእክቶች የሚቀመጡበትን ፎልደር ግን በየቀኑ ከፍቶ የሚያይ ሰው ብዙ አይደለም። ደንቡ ሥራ ካቆመ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ መቆሙ የሚታወቀው ማስረጃ በተፈለገበት ዕለት ነው።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ደግሞ ይህ ዕለት መምጣቱ አይቀርም። ለሥነ ምግባር ኮሚቴው የተሻሻለው የጥናት ንድፍ መቼ ተላከ? አማካሪው አስተያየት የሰጡበት የሦስተኛው ምዕራፍ ረቂቅ የትኛው ነው? መረጃ ለሰጠን መሥሪያ ቤት በምን ቅድመ ሁኔታ እንደምንጠቀምበት ቃል ገብተን ጽፈናል? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚገኘው በተቀበልነው ሳይሆን በላክነው ውስጥ ነው። ስለዚህ የተላኩ መልእክቶች አያያዝ ለኮምፒውተር ባለሙያ ብቻ የሚተው ጉዳይ ሳይሆን የምርምር መዝገብ አያያዝ አንድ አካል ነው የሚል አቋም አለኝ። ሁለተኛው አቋሜ ብልሽቱን ስለመፈለግ ነው። አብዛኛው ሰው ደንቡ አልሠራ ሲለው የደንቡን ቃላት ደጋግሞ ያርማል፤ አንድ ፊደል ይጨምራል፤ ሌላ ይቀንሳል። መጀመር የሚገባው ግን መልእክቱ ከተጓዘበት መንገድ ነው። ደንቡ ምን ይላል ከማለት በፊት፣ ደንቡ የት ተቀምጧል፣ መልእክቱስ በዚያ በኩል አልፏል ወይ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ወጪ ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት ሳይወጣ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ ቀሪው ከፋይሉ ጋር ይያያዛል፤ ዋናው የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ኢሜይል የተሠራው በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል ነው። መልእክቱን የሚያደርሰው ኤስኤምቲፒ የተባለው ፕሮቶኮል ሲሆን መሠረቱ የተጣለው ጆን ፖስተል በ1982 ባወጣው ሰነድ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ይህ ፕሮቶኮል መልእክቱን ለተከታዩ ሰርቨር አስረክቦ ሥራውን ይጨርሳል፤ ላኪው ቀሪ ይኑረው አይኑረው አይመለከተውም። ቀሪ ማስቀመጥ የሌላ ፕሮቶኮል ተግባር ነው፤ እርሱም ማርክ ክሪስፒን በ1986 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሥራውን የጀመረለት አይማፕ ነው። በዚህ አሠራር የምንጠቀምበት ፕሮግራም መጀመሪያ መልእክቱን በኤስኤምቲፒ ይልካል፤ ከዚያም ያንኑ መልእክት ከነአባሪው እንደ አዲስ በአይማፕ ጭኖ በተላኩ ፎልደር ያኖረዋል። አንድ መልእክት ከኮምፒውተራችን ሁለት ጊዜ ይወጣል ማለት ነው። 10 ሜጋባይት የሆነ ረቂቅ አባሪ አድርጎ የሚልክ ተማሪ ቢያንስ 20 ሜጋባይት ይጭናል። የኢንተርኔት ጥቅሉን ከኪሱ ለሚገዛ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ብዙው ችግር የሚመነጨው ከዚህ ከሁለት መከፈሉ ነው።

በሁለቱ ጉዞዎች መካከል መብራት ቢጠፋ ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥ መልእክቱ ለተቀባዩ ይደርሳል፤ ቀሪው ግን አይኖርም። ተንደርበርድ እንዲህ ሲያጋጥመው መልእክቱ እንደተላከ፣ ቅጂው ግን እንዳልተቀመጠ የሚገልጽ ማሳሰቢያ ያወጣል፤ እንደገና እንድንሞክርም ይጠይቃል። ማሳሰቢያውን ሳያነብ የሚዘጋ ሰው በኋላ ጥፋቱን በደንቡ ላይ ያላክካል። ደንቡ ግን ከደሙ ንጹሕ ነው፤ ያልተቀመጠ ቀሪ ሊለይ አይችልም።

ሁለተኛው ከዚህ ይልቅ ረቂቅ ነው። በርካታ የዩኒቨርሲቲና የመሥሪያ ቤት ሰርቨሮች ሲቭ በተባለ የደንብ መጻፊያ ቋንቋ ይጠቀማሉ። ቋንቋው በ2001 መለኪያ ሆኖ የወጣ ሲሆን በ2008 ተሻሽሏል። ሲቭ የተሠራው ለአንድ ቅጽበት ነው፤ መልእክት ወደ ሳጥናችን ሲደርስ ለዚያች ቅጽበት። የላክነው መልእክት ቀሪ ግን ወደ ሳጥናችን አልደረሰም፤ ባለቤቱ ራሱ በእጁ ያኖረው ነው። በር ላይ የቆመ ዘበኛ ከውጭ የሚገባውን ይፈትሻል እንጂ ባለቤቱ ከጓዳ ወደ ሳሎን የሚያመላልሰውን ዕቃ አይቆጥርም። ስለዚህ አንድ ሰው በሰርቨሩ የደንብ ገጽ ላይ «ተቀባዩ እገሌ ከሆነ እዚህ ፎልደር አስገባ» ብሎ ቢጽፍ፣ አጻጻፉ እንከን የለሽ ቢሆን እንኳ፣ የላካቸው መልእክቶች ንቅንቅ አይሉም። ፕሮግራሙ ስሕተት አለ አይልም፤ ስሕተት የለምና። ይህን ክፍተት የሚሞላ መለኪያ በ2012 ወጥቷል፤ መልእክት በአይማፕ ሲጫን ወይም ሲዛወርም ሲቭ እንዲሠራ ይፈቅዳል። ዳቭኮት የተባለው በሰፊው የሚሠራበት የሰርቨር ፕሮግራም ይህን የሚያስችል ተጨማሪ ክፍል አለው። ነገር ግን ክፍሉን ሥራ ላይ የሚያውለው የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ነው፤ ተጠቃሚው ከራሱ ወንበር ሆኖ ሊከፍተው አይችልም።

ታዲያ ደንቡን በራሳችን ኮምፒውተር ላይ ብናስቀምጠውስ? ይቻላል፤ እዚህም ግን የየፕሮግራሙን ጠባይ ማወቅ ይጠይቃል። ተንደርበርድ ለእያንዳንዱ ደንብ መቼ እንደሚሠራ ያስመርጣል፤ አዲስ መልእክት ሲመጣ፣ ተጠቃሚው በእጁ ሲያዝዝ፣ መልእክት ከተላከ በኋላ፣ ወይም ወደ ቤተ መዛግብት ሲገባ። «ከተላከ በኋላ» የሚለው ካልተመረጠ ደንቡ የተላከን መልእክት አያይም። ብዙ ጊዜ የማይስተዋለው ሌላው ነገር ደንቡ የአንድ አካውንት ንብረት መሆኑ ነው፤ የሚሠራውም ቀሪው በተቀመጠበት አካውንት ላይ ነው። አንዲት ተማሪ የዩኒቨርሲቲና የግል አካውንት አላት እንበል። የምትልከው በዩኒቨርሲቲው አድራሻ ነው፤ ቀሪው ግን የሰርቨሩ ቦታ እንዳይሞላ በኮምፒውተሯ ውስጥ ባለው የአካባቢ ፎልደር እንዲቀመጥ አድርጋለች። ደንቡን የጻፈችው በዩኒቨርሲቲው አካውንት ሥር ከሆነ ደንቡና ቀሪው በፍጹም አይገናኙም። መፍትሔው ደንቡን ማረም ሳይሆን ቀሪው ወደሚገባበት አካውንት ማዛወር ነው።

የጂሜይል ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። በጂሜይል ሰርቨር በኩል የተላከን መልእክት ቀሪ ሰርቨሩ ራሱ ያስቀምጣል። ፕሮግራማችንም የራሱን ቅጂ ከጫነ አንድ መልእክት ሁለት ይሆናል፤ ስለዚህ በፕሮግራሙ ላይ ቅጂ ማስቀመጥን ማጥፋት ተገቢ ነው። ይህ ሲደረግ ግን «ከተላከ በኋላ» የሚሠራው ደንብ የሚይዘው ነገር ያጣል። አንዱን ችግር ያስወገደው እርምጃ ሁለተኛውን ወለደ፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ማብራሪያ በፕሮግራሙ መስኮት ላይ አይገኝም።

በዊንዶውስ ላይ የሚሠራው የቀድሞው አውትሉክ ለተላኩ መልእክቶች ደንብ ማውጣት ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ደንቡ አንድ ቅጂ ወደተመረጠው ፎልደር ያስገባል እንጂ ዋናውን ከተላኩ ፎልደር አያነሣም። መልእክቱን በነበረበት አይቶ «ደንቤ አልሠራም» የሚል ሰው መጀመሪያ የመድረሻውን ፎልደር ይክፈት። ከዚህም ሌላ ይህ ዓይነቱ ደንብ የሚሠራው ፕሮግራሙ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ሲላክ ብቻ ነው። በድር ላይ የሚሠራው አውትሉክ ደግሞ ደንቦቹ ለገቢ መልእክቶች ብቻ ናቸው። ከስልክ የተላከውስ? ደንቡ በቤት ባለው ኮምፒውተር ተቀምጦ ሳለ ተማሪው ከታክሲ ውስጥ ለአማካሪው የመለሰው አጭር መልእክት በዚያ በኩል አያልፍም። ብዙ ወሳኝ ነገር የሚጻፈው ደግሞ በእንዲህ ያለ አጭር መልስ ውስጥ ነው፤ «እስማማለሁ፣ በዚህ እንቀጥል» የሚል አንድ መስመር ከሃያ ገጽ ረቂቅ በላይ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ።

በመንገዱ ላይ የሚቀር አንድ ወጥመድ አለ፤ እርሱም የፎልደሩ ስም ነው። ፕሮግራሞች የተላኩ ፎልደርን በአንድ ስም አይጠሩትም፤ አንዱ «ሰንት»፣ ሌላው «ሰንት አይተምስ»፣ ሦስተኛው «ሰንት ሜሴጅስ» ይለዋል። አንድ ሰው በስልክ፣ በላፕቶፕና በቤተ ሙከራ ኮምፒውተር ሲጠቀም በአንድ አካውንት ውስጥ ሦስት የተላኩ ፎልደሮች ሊፈጠሩ ይችላሉ፤ ደንቡ አንዱን ሲጠብቅ መልእክቱ በሌላው ይገባል። በ2011 የወጣ የአይማፕ ተጨማሪ መለኪያ ሰርቨሩ «ስሙ ምንም ቢሆን የተላኩ ፎልደር ይህ ነው» ብሎ ምልክት እንዲሰጥ ያስችላል። በየመሣሪያው ቅንብር ውስጥ ገብቶ ሁሉም አንዱን ፎልደር መጠቆማቸውን ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

መንገዱ ከተጣራ በኋላ ነው ወደ ደንቡ ቃላት መምጣት የሚገባው። ከገቢ ደንብ የተገለበጠ የወጪ ደንብ ብዙውን ጊዜ ላኪን ይመለከታል፤ በላክነው ሁሉ ላይ ግን ላኪው እኛው ነን። መመልከት የሚገባው ተቀባዩንና ግልባጭ የተደረገለትን ነው። ስውር ግልባጭ የተደረገለት ሰው አድራሻ ተቀባዮች ዘንድ ሲደርስ ተወግዶ ነው፤ በላኪው ቀሪ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቆያል። ይህ የወጪ ደንብ ከገቢ ደንብ የሚበልጥበት ነጥብ ነው።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ግን ቃላቱ ራሳቸው ሰፊ ምዕራፍ ናቸው፤ ስለ ኢሜይል ደንቦች የሚጻፉ መመሪያዎችም ይህን አይነኩትም። ፊደላችን በ1999 ከዩኒኮድ 3.0 ጋር የራሱን ቦታ ሲያገኝ እያንዳንዱ ቅርጽ የራሱ ቁጥር ተሰጠው፤ ይህም ትክክል ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የማይዛመዱ ነገሮች ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። «ሐሳብ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። የመጀመሪያው ድምፅ በግእዝና በራብዕ በስድስት ፊደላት ሊጻፍ ይችላል፤ ሁለተኛው በሁለት። አንድ ቃል በ12 አጻጻፍ ማለት ነው። ደንባችን «የጥናት ሐሳብ» የሚለውን ቢፈልግና እኛው ራሳችን በችኮላ «የጥናት ሀሳብ» ብለን ብንልክ ደንቡ ያልፈዋል። ሲቭ በነባሪነት የሚጠቀምበት የማነጻጸሪያ ዘዴ የላቲንን ትልልቅና ትንንሽ ፊደላት እንደ አንድ ይቆጥራል፤ በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው የተደረገ ትንሽ ርኅራኄ ነው። ለሞክሼ ፊደላት እንዲህ ያለ ርኅራኄ የለም።

ከዚህም የሚከብደው የፊደላችን አሠራር ነው። በላቲን ፊደል በቃሉ መጨረሻ የሚጨመር ቅጥያ የቃሉን ፊደላት አይነካም፤ በእኛ ግን አናባቢው ከተነባቢው ጋር በአንድ ቅርጽ ስለሚዋሐድ የመጨረሻው ፊደል ይለወጣል። «ጥናት»፣ «ጥናቱ»፣ «ጥናቴ»፣ «ጥናቶች»፣ «ጥናታዊ» ለእኛ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። «ጥናት የሚለውን የያዘ» ተብሎ የታዘዘ ደንብ ግን ከአምስቱ የሚያገኘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ት እና ቱ ሁለት ልዩ ልዩ ፊደሎች ናቸውና። በፊት የሚመጣው ቅጥያ ችግር አይፈጥርም፤ «ለጥናት»ም «የጥናት»ም ይገኛሉ። የሚያመልጠው የኋላው ነው። የመጨረሻውን ፊደል ቆርጦ «ጥና» ብሎ መጻፍ አምስቱንም ይይዛል፤ ዋጋው ግን ያልታሰበ ነገር መያዙ ነው፤ አጥናፉ የተባለ ባልደረባ ስሙ በርእሰ ጉዳዩ ላይ በገባ ቁጥር መልእክቱ ወደ ጥናቱ ፎልደር ይነጉዳል።

በእኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ የሚያድነው ደንብን በቃላት ላይ አለመመሥረት ነው። የተቀባይ አድራሻ ሞክሼ ፊደል የለውም። አንድ ሰው በብዙ ጉዳይ ላይ የሚጻፍለት ከሆነ ደግሞ የመሥሪያ ቤቶቻችን ደብዳቤ ቁጥር እዚህ ያገለግላል፤ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት አጭር ቁጥር ሰጥቶ በርእሰ ጉዳዩ ላይ ሁልጊዜ ማስቀደም ነው። መልስ ሲመላለስ ርእሰ ጉዳዩ ካልተለወጠ በቀር ቁጥሩ አብሮ ይመላለሳል።

ይህን ሁሉ ድካም ምን አመጣው፤ የላክነውን በአንድ ፎልደር ትቶ ሲያስፈልግ መፈለግ አይበቃም ወይ የሚል ሰው ይኖራል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ጠንካራ ማስረጃም አለው። ስቲቭ ዊቴከርና ባልደረቦቹ በ2011 ባቀረቡት ጥናት 345 ተጠቃሚዎች ያደረጉትን ከ85,000 በላይ መልእክት መልሶ የማግኘት ሙከራ መርምረው፣ መልእክትን በየፎልደሩ ማደራጀት የማግኘቱን ስኬት እንደማያሻሽል፣ ፍለጋና የተያያዙ መልእክቶችን በአንድ ማሳየት የተሻለ ውጤት እንደሚሰጡ ደምድመዋል። መደምደሚያውን እቀበለዋለሁ፤ ለዕለት ተዕለት ሥራ ፎልደር ማብዛት ጊዜ ማባከን ነው። ነገር ግን የአማርኛ ጽሑፍ ፍለጋ ከላይ ባየነው ችግር ሁሉ ይያዛል፤ ደንቡን ያታለለው «ሀሳብ» ፍለጋውንም ያታልላል። በዚያ ላይ ጥናቱ የለካው መልእክትን መልሶ ማግኘትን ነው፤ የምርምር መዝገብ ግን ለሌላ ሰው የሚተላለፍም ነው። ፕሮጀክቱን ለሚረከብ ተማሪ «የፍለጋ ሳጥኑን ተጠቀም» ማለት አይቻልም፤ የአንድ ፕሮጀክት መልእክቶች ተለይተው በአንድ ቦታ ካሉ ግን ወጥተው ሊሰጡ ይችላሉ። አካውንቱ ከምረቃ በኋላ የሚዘጋበት ሰውም ከመዘጋቱ በፊት የሚያወጣውን ማወቅ አለበት።

ለዚህ ዓላማ ብዙ ጊዜ ደንብ እንኳ አያስፈልግም። ተንደርበርድ መልስ ስንጽፍ ቀሪውን የምንመልስለት መልእክት ባለበት ፎልደር እንዲያስቀምጥ የሚያዝ ምርጫ በአካውንቱ ቅንብር ውስጥ አለው፤ የቀድሞው አውትሉክም ከኢንቦክስ ውጭ ላሉ መልእክቶች ተመሳሳይ ምርጫ ይሰጣል። ገቢው በአስተማማኝ የሰርቨር ደንብ ተለይቶ ከገባ ወጪው እርሱን ተከትሎ ይገባል፤ ጥያቄና መልስም በአንድ ላይ ይነበባል። ደንብ ማውጣት የግድ ከሆነ ቅጂ የሚያደርግ እንጂ የሚያዛውር እንዳይሆን እመክራለሁ። የሚያዛውር ደንብ ሲሳሳት ብቸኛውን ቀሪ ይዞ ይጠፋል፤ ቅጂ የሚያደርግ ደንብ ሲሳሳት የሚጠፋው ቅጂ ብቻ ነው። ለራስ ስውር ግልባጭ መላክም የቆየ ዘዴ ነው፤ የላክነው እንደ ገቢ መልእክት ተመልሶ በበሩ ስለሚያልፍ ሲቭ ያገኘዋል፤ ከስልክ የተላከውም ቢሆን። ሳጥኑን በድርብ መልእክት መሙላቱ ጉድለቱ ነው፤ ጂሜይል ደግሞ መለያ ቁጥራቸው አንድ የሆኑ መልእክቶችን ለይቶ ስለማያሳይ እዚያ ብዙ አይረዳም።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ መፈተሽ ይቀራል። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ፣ ከምንጠቀምበት መሣሪያ ሁሉ፣ የመሣሪያውን ስም በርእሰ ጉዳዩ ላይ ጽፎ አንድ አንድ መልእክት መላክና የት እንደገባ ማየት ይበቃል። ተንደርበርድ ደንቦቹ የሠሩትን የሚመዘግብበት መዝገብ አለው፤ እንዲመዘግብ ግን ቀድሞ መታዘዝ አለበት።

ሥር የሰደደው መፍትሔ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፤ ይህም ተጀምሯል። ጄማፕ የተባለው፣ የኢሜይል ክፍሉ በ2019 መለኪያ ሆኖ የወጣው አዲስ ፕሮቶኮል መልእክቱን መጀመሪያ በሰርቨሩ ላይ በረቂቅነት ያስቀምጣል፤ ከዚያ ሰርቨሩን «ይህን ላክ፤ መላኩ ከተሳካ ከረቂቅ ወደ ተላኩ አዛውር» ብሎ በአንድ ትእዛዝ ያዘዋል። መልእክቱ ከኮምፒውተራችን አንድ ጊዜ ብቻ ይወጣል፤ ቀሪውም ከመላኩ በፊት በቦታው አለ። መዝገብ ቤቶቻችን ሲሠሩበት የኖሩት ሥርዓት ይኸው ነው። የዩኒቨርሲቲ ሰርቨሮች ወደዚህ እስኪደርሱ ድረስ ከአስተዳዳሪዎቹ ሁለት ነገር መጠየቅ ይቻላል፤ በአይማፕ ለሚጫኑ መልእክቶች ሲቭ እንዲሠራ መክፈትና የተላኩ ፎልደርን በመለኪያው መሠረት ምልክት ማድረግ። ሁለቱም አዲስ ዕቃ ሳይገዛ በሰርቨሩ ቅንብር ላይ የሚሠሩ ናቸው፤ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ጥያቄውን በተማሪዎቻቸው ስም በጽሑፍ ሊያቀርቡት ይገባል።